ድምፃችን ሲሰማ ስማችንም ይጠራ

በዚህ እትም ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባም ሆነ ስለ ሥራ አንጽፍም። የምንጽፈው ስለ ድምፅ ነው። «ይህ ሁሉ ችግር እያለ ስለ ድምፅ የሚያስጽፍ ምን ተገኘ?» የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። የሆነውን አንብባችሁ ፍረዱ።

ባለፈው ዓመት ከሠፈራችን ጥቂት ወጣቶችና ወላጆች ተሰባስበን አንድ የሥነ ጥበብ ትርኢት ለማየት ሄድን። ቦታውንም አዘጋጆቹንም እዚህ አንጠራም፤ ጉዳዩ ገና በንግግር ላይ ነው፤ ደግሞም ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም። ክፍሉ ጨለማ ነበር። ወለሉ ላይ ምንጣፍ የመሰለ ጥቁር ነገር ተነጥፏል። እግር ሲያርፍበት ከአራቱም ማዕዘን ድምፅ ይወጣል፣ በግድግዳው ላይ ብርሃን ይሮጣል። ሰው ሲፈጥን ድምፁም ይፈጥናል፤ ሰው ሲቆም ድምፁም ጸጥ ይላል። ልጆቹ ነገሩ ወዲያው ገባቸውና መዝለል ጀመሩ። እኛም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎን ነበር።

ከሚወጡት ድምፆች አንዱ የሴት ድምፅ ነበር፤ ቋንቋው አማርኛ፣ ዜማው ሙሾ። አብረውን ከሄዱት እናቶች አንዷ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ድምፁ የራሳቸው ነበርና ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ ቤታቸው መጥታ፣ ቡና ጠጥታ፣ «የድሮ ዜማ» ለምና ቀድታ ሄዳ ነበር። እናታችን ያን ቀን ያወጡት ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጡ በሱዳን መንገድ ላይ ለቀበሩት ወንድማቸው ያለቀሱትን ነው። በዚያ መንገድና በመጠለያ ካምፖቹ ከወገኖቻችን ወደ 4,000 የሚጠጉ እንዳለቁ ይነገራል፤ ስለዚህ ያ ሙሾ የእሳቸው ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችን ነው። ቅጂው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ ወለል ሥር ገባ። በበሩ አጠገብ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ የአርቲስቱ ስም፣ የኮምፒውተር ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ስም፣ ገንዘብ የረዱት ድርጅቶች ስም ተዘርዝሯል። ስለ ሙሾዋ ግን «የኢትዮጵያዊት ሴት ድምፅ» ከሚል በቀር አንድም ቃል የለም።

እናታችን አልጮሁም፣ አልተቆጡምም። ዝም ብለው ቆሙ። «እማማ፣ ምነው? እንውጣ?» ብንላቸው፣ «ከተራመድኩ ይረገጣል» አሉን። ልጆቹ እንዲያቆሙ እስክንነግራቸው ድረስ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በኮሚቴያችን ውስጥ ብዙ ተከራክረናል። ከመካከላችን «እንዲህ ያለ ጥበብ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፣ ልጆቻችንን ከዚያ እናርቅ» ያሉ አሉ። እኛ በመጨረሻ የደረስንበት ሐሳብ ግን ሌላ ነው። ልጆቻችን ወደዚያ ክፍል መግባት አለባቸው፤ የሚገቡት ግን እንደ ሠሪ እንጂ እንደ ዕቃ መሆን የለበትም። እናቶቻቸውም አብረዋቸው ሊገቡ ይገባል። ይህን ያልንበትን ምክንያት እናስረዳ።

በመጀመሪያ ነገሩን ለማያውቁት ስለ አሠራሩ። ከወለሉ ሥር የሰውን ክብደት የሚያውቁ ሴንሰሮች አሉ፤ በሌላ ቦታ ይህንኑ ሥራ ካሜራ ይሠራዋል። ሴንሰሩ ያወቀውን ወደ ቁጥር ለውጦ ለኮምፒውተሩ ይሰጣል፣ ኮምፒውተሩም ያን ቁጥር አይቶ የትኛው ድምፅ፣ በምን ፍጥነት፣ ከየትኛው ማጉያ እንደሚወጣ ያዛል። ድምፁ ራሱም አስቀድሞ ቁጥር ሆኗል። በተለመደው ሲዲ ላይ አንድ ሰከንድ ድምፅ የሚቀመጠው 44,100 ጊዜ ተለክቶ ነው። ቁጥር የሆነ ድምፅ ይሳባል፣ ይታጠፋል፣ ይቆረጣል፣ ወደ ኋላ ይሮጣል። ዛሬ በዓለም ላይ ቴክኖሎጂን፣ ሳይንስን፣ ድምፅንና የመድረክ ክዋኔን አንድ ላይ አድርጎ፣ ተመልካቹንም ተሳታፊ የሚያደርገው ጥበብ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

አዲስ ነገር ነው ብላችሁ አታስቡ። ከሶቪየት ኅብረት የመጡ ጎረቤቶቻችንን ብትጠይቁ፣ በ1920 አካባቢ በሩሲያ ሌቭ ቴርሜን የተባለ የፊዚክስ ሰው እጅ ሳይነካው የሚጫወት መሣሪያ እንደሠራ ይነግሯችኋል፤ ተጫዋቹ በአየር ላይ እጁን ሲያርቅና ሲያቀርብ ድምፁ ይወጣል ይወርዳል። በ1966 ደግሞ በኒውዮርክ ከተማ ከቤል ላቦራቶሪ የመጡ መሐንዲሶችና አርቲስቶች በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ለዘጠኝ ምሽቶች አብረው ሠሩ። ብዙ መጻሕፍት የዚህን ጥበብ ታሪክ የሚጀምሩት ከእነዚህ ሁለት ቦታዎች ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነው ታሪክ ግን የሚጀምረው ካይሮ ላይ ነው፣ ነገሩም ዛር ነው።

ዛርን የማያውቅ ከመካከላችን የለም፤ አንዳንዱ ስሙን መጥራት ባይወድም። በዚሁ በቤር ሼቫ ሐኪሞች ስለ ዛር በኢትዮጵያውያን ዖሊም መካከል አጥንተው በ1997 ጽሑፍ አሳትመዋል፤ የጽሑፉም ጥያቄ በሽታ ነው ወይስ የባህል ነገር የሚል ነበር። ከዚያ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ1944፣ ሐሊም ኤል ዳብ የተባለ የሃያ ዓመት ዕድሜ ገና ያለፈው ግብፃዊ ከሬዲዮ ጣቢያ የተዋሰውን ሽቦ ላይ የሚቀዳ ከባድ መሣሪያ ተሸክሞ በካይሮ የዛር ሥርዓት ወደሚደረግበት ሄደ። የሴቶቹን ዜማ ቀዳ። ከዚያም በስቱዲዮ ውስጥ ዋናውን ድምፅ እየቀነሰ፣ የሚያስተጋባውን እያጎላ፣ ደጋግሞ እየቀዳ አዲስ ሥራ አወጣበት። ብዙ ጊዜ የዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ አባት የሚባለው ፈረንሳዊው ፒዬር ሼፈር የመጀመሪያ ሥራውን ያሰማው በ1948 ነው፤ የካይሮው ሥራ አራት ዓመት ይቀድመዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛው፣ በቴፕ የሚሠራው ሙዚቃ ሲጀመር በውስጡ የነበረው ድምፅ እናቶቻችን የሚያውቁት ዓይነት ሥርዓት ድምፅ ነው። ስለዚህ «የፈረንጅ ጨዋታ» የሚለው አነጋገር አያስኬድም። ሁለተኛው፣ ሥራው እስከ ዛሬ የሚታወቀው በአቀናባሪው ስም ነው። የዘፈኑት ሴቶች በስማቸው ሲጠሩ አንሰማም።

የዚሁ ሰው ታሪክ ግን እዚያ አያበቃም፤ ለዚህም ነው እዚህ ያነሣነው። ኤል ዳብ አሜሪካ ሄዶ በኒውዮርክ በታወቀው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ከሠራ በኋላ በ1962 አዲስ አበባ መጣ፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም አስተማረ። በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ከዚያ በፊት ክራር በየቤቱ፣ በገና በየጸሎቱ፣ እምቢልታ በየክብረ በዓሉ፣ ዋሽንት በየመስኩ ለየብቻው ነበር፤ እሱ ተጫዋቾቹን ከየቦታው ሰብስቦ በአንድ መድረክ ላይ አስቀመጣቸው። በካይሮ ድምፁን ይዞ ወጣ፤ በአዲስ አበባ ግን ሰዎቹ ራሳቸው መድረክ ላይ ወጡ። የምንለው ልዩነት ይህ ነው። እኛ የምንጠይቀው የአዲስ አበባውን እንጂ የካይሮውን አይደለም።

ከዚያ ወዲህም የእኛ ሰዎች ከማሽን ጋር ሲሠሩ ኖረዋል። ሙላቱ አስታጥቄ በ2007 እና በ2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ራድክሊፍ ኢንስቲትዩት ተቀምጦ የኢትዮጵያን ባህላዊ መሣሪያዎች ስለ ማሻሻል ሠርቷል፤ ከዚያም በኤም አይ ቲ፣ የሚዲያ ላብ በተባለው ቤተ ሙከራ፣ ዘመናዊ ክራር ለመሥራት ለሞከሩት አማካሪ ነበር። ክራር የተጫወተ ሰው የነገሩን ትርጉም ያውቃል፤ ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ለመሄድ ክሮቹን ፈትቶ እንደገና መቃኘት አለበት። ኃይሉ መርጊያ ደግሞ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አድርጎ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ኑሮው የአውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ መንዳት ሆነ፤ ተራ ሲጠብቅ በመኪናው ውስጥ ትንሽ ኪቦርድ ይዞ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ሲወጣ ዓለም መድረክ ላይ ጠራው። በጥበቃና በጽዳት ሥራ ላይ ያላችሁ አባቶችና እናቶች ይህን ታሪክ ከእኛ ይበልጥ ታውቁታላችሁ።

በአገራችን በእስራኤልም የሚታይ ነገር አለ። በ2002 የዒዳን ራይኸል ፕሮጀክት ሲወጣ በኮምፒውተር በተቀናበረ ሙዚቃ ውስጥ አማርኛ በየሬዲዮው ተሰማ፤ ካብራ ካሳይን የመሰሉ ዘፋኞቻችን በስማቸው መድረክ ላይ ቆሙ። ስለዚያ ሥራ በመካከላችን ሁለት ዓይነት አስተያየት እንዳለ አይካድም። አንዳንዶች «ኮራንበት» ይላሉ፣ ሌሎች «ቅመም አደረጉን» ይላሉ። ለእኛ ሁለቱም እውነት አላቸው።

ይበልጥ ልናየው የሚገባን ግን ሖሎን ነው። በዚያ ከተማ በ2001 የተቋቋመ የዲጂታል ጥበብ ማዕከል አለ። ማዕከሉ በ2012 ጄሲ ኮኸን ወደተባለው ሠፈር ገባ። ጄሲ ኮኸን ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት፣ በጋዜጣ ላይ ስሙ በደግ የማይነሣ ሠፈር ነው። ቪዲዮና ድምፅ የሚሠሩ አርቲስቶች የሚሠሩበት ቤት ከነዋሪው በር ፊት ለፊት ሆነ ማለት ነው። በኢየሩሳሌምም ሙስራራ በተባለው ሠፈር፣ በ1971 የምሥራቅ አይሁድ ወጣቶች ተቃውሞ በተነሣበት በዚያው ቦታ፣ የፎቶግራፍ፣ የአዲስ ሚዲያና የአዲስ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፤ በየዓመቱም በሠፈሩ መንገዶችና ግቢዎች ፌስቲቫል ያደርጋል። ነገሩ ሁሉ ሰምሯል አንልም፤ የኪነ ጥበብ ቤት ሠፈር ሲገባ የቤት ኪራይ ይጨምራል ብለው የሚሰጉ አሉ፣ ሥጋታቸውም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በሩ ሠፈር ውስጥ ሲሆን እናት ነጠላዋን እንደለበሰች ገብታ «ይህ ምንድን ነው?» ብላ ልትጠይቅ ትችላለች። አውቶቡስ ሁለት ጊዜ ቀይራ ሄዳ ግን አትጠይቅም።

ወደ ከተማችን እንመለስ። ቤር ሼቫ በዚህ ነገር ድሃ አይደለችም። ከ1969 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት። በአሮጌው ከተማ በ2013 የተከፈተው የካራሶ ሳይንስ ፓርክ አለ፤ እዚያ ልጅ በእጁ እየነካ ስለ ድምፅ፣ ስለ ብርሃን፣ ስለ ሞገድ ይማራል። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ በቱርክ ዘመን፣ በ1906፣ በተሠራው የአገረ ገዥው ቤት ውስጥ የነገቭ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ሳይንሱም ጥበቡም በአንድ መንገድ ላይ፣ በእግር የሚደረስ ነው። ልጆቻችን ከክፍላቸው ጋር ለጉብኝት ይሄዳሉ። ወላጆች ግን ስንቶቻችን ገብተናል? እኛ ራሳችን፣ ይህን የምንጽፈው፣ ከመካከላችን ገብቶ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ አፍረናል።

እርግጥ ነው፣ እንቅፋቱ ስንፍና ብቻ አይደለም። የከሰዓት በኋላው ሑግ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሦስት ልጅ ያለው ቤት አንዱን መርጦ ይልካል፣ የሚመርጠውም አብዛኛውን ጊዜ እግር ኳስ የሚጫወተውን ነው። ለሴቶች ልጆች ደግሞ ሁልጊዜ እስክስታ ይቀርብላቸዋል። እስክስታን እንወዳለን። ነገር ግን ማትናስ ውስጥ የእኛ ልጆች ትከሻቸውን እንዲያንቀሳቅሱ፣ የሌሎች ልጆች ደግሞ ሮቦት እንዲሠሩ የሚመድበው ማን ነው? የምንለው ጥበብ ሁለቱን አይለይም። ትከሻ ላይ የታሰረ ትንሽ ሴንሰር እንቅስቃሴውን ወደ ድምፅ ይለውጠዋል፤ የምትጨፍረውና ፕሮግራሙን የምትጽፈው አንዲት ልጅ ልትሆን ትችላለች።

«መጀመሪያ ባግሩት፣ መጀመሪያ ሒሳብና እንግሊዝኛ» ለሚሉን ወላጆች መልስ አለን። ይህ ሒሳብ ነው። አንድ ጥንድ ሺህ ብር የሚያወጣ መሣሪያም አያስፈልግም። ሳንቲም የሚያህል ጠፍጣፋ የፒዬዞ ማይክሮፎን በጥቂት ሼክል ይገዛል። በከበሮ ቆዳ ላይ ተለጥፎ ከትንሽ ኮምፒውተር ጋር ሲያያዝ እያንዳንዱን ምት ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ ልጅቷ ያን ቁጥር ለማዘዝ ክፍልፋይ፣ ጊዜና ፍጥነት ማወቅ ግድ ይሆንባታል። ስክራች የሚባለው ነፃ የልጆች ፕሮግራም፣ በዚያው ሙላቱ አማካሪ በነበረበት ቤተ ሙከራ በ2007 የወጣው፣ በዕብራይስጥም በአማርኛም ይከፈታል። ልጅ በዕብራይስጥ ሠርቶ ለእናቱ ወደ አማርኛ ገልብጦ ሊያሳያት ይችላል። ስንት ነገር ነው በቤታችን ውስጥ እንዲህ በሁለቱም ቋንቋ የሚገኝ?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ሁሉም ድምፅ ለዚህ ይሁን አንልም። የቄሶቻችን ጸሎት ከነጋሪቱና ከቃጭሉ ጋር የሥርዓት ነው፤ ያለ እነሱ ፈቃድ ማንም በማሽን ሊቆራርጠው አይገባም። ሙሾም እንደዚሁ። ሙሾ የሚወጣው ለሟች ነው። የሠርግ ዘፈን፣ የመከር ዘፈን፣ እሹሩሩ፣ የልጆች ተረት፣ የጀበና ድምፅ፣ የወፍጮ ድምፅ፣ የሸክላ ሠሪ እናቶች እጅ ጭቃውን ሲመታ የሚሰማው፣ ይህ ሁሉ አለ፤ ለጨዋታ የሚበቃ ሞልቶ ተርፏል። የትኛው ለምን እንደሚሆን የሚለዩት ግን ባለቤቶቹ ናቸው እንጂ ቀጂው አይደለም።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። በእስራኤል ከ1984 ጀምሮ የአቅራቢዎችን መብት የሚጠብቅ ሕግ አለ፤ የዘፈነ፣ የተጫወተ ወይም የጨፈረ ሰው ያለ ፈቃዱ እንዳይቀዳና ቅጂውም እንዳይሠራበት ይከለክላል፤ ስሙ የመጠራት መብትም አለው። ሕጉ «ታዋቂ ዘፋኝ» አይልም። በካራቫን ውስጥ ተቀምጣ ያንጎራጎረች እናትም አቅራቢ ናት።

ስለዚህ ከእንግዲህ ቤታችሁ መቅጃ ይዞ የሚመጣ ሰው፣ ተማሪም ይሁን ጋዜጠኛ ወይም አርቲስት፣ ቡናውን ይጠጣ፣ በደንብ ይስተናገድ። ከዚያ ግን ወረቀት ይጠየቅ። ወረቀቱ በአማርኛ ይሁን፤ ማንበብ ለማይችሉ ልጅ ወይም ጎረቤት ባለበት ድምፁ ከፍ ተደርጎ ይነበብ። ቅጂው ለምን ሥራ እንደሚውል ይጻፍበት፤ ለሌላ ሥራ ሲፈለግ ተመልሶ መጠየቅ እንዳለበትም ይጻፍ። አንድ ቅጂ ለቤቱ ይቅር። ገንዘብ የሚገኝበት ሥራ ከሆነ ገንዘብም ይነሣ፤ ይህን ስንል የሚያፍሩ እናቶች አሉ፣ ማፈር የሚገባው ግን ሌላ ሰው ነው። እኛ ይህን ወረቀት በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጅተን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን፤ የሕግ ሰው እያየው ነው።

ከዒርያውና ከከተማው ተቋማት የምንጠይቀውም ውስብስብ አይደለም። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በሠፈራችን ማትናስ ውስጥ፣ ያለ ክፍያ፣ ልጆችና ሽማግሌዎች አብረው የሚቀመጡበት የድምፅ ሑግ ይከፈት። ኮምፒውተሩን የሚያስተምር ከዩኒቨርሲቲ ይምጣ። ከበሮውን፣ ዜማውንና ቋንቋውን የሚያስተምሩት ደግሞ የእኛ እናቶችና አባቶች ይሁኑ፣ እንደ አስተማሪም ይከፈላቸው። በዓመቱ መጨረሻ የሚሠራው ሥራ በከተማው መሐል ለሁሉም ይታይ፤ ጽሑፉም በዕብራይስጥ፣ በአማርኛ፣ በአረብኛና በሩሲያኛ ይሁን፤ ቤር ሼቫ የሁሉም ናትና።

እስከዚያው በየቤታችን የምንሠራው አለ። ናሐል ቤካ ካራቫን ውስጥ በነበርንበት ዘመን ደብዳቤ የምንልከው በካሴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ቤተሰብ ተሰብስቦ መቅጃውን በመካከል ያስቀምጣል፣ እያንዳንዱ በተራ ይናገራል፣ ልጅ ይዘፍናል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፤ ካሴቱ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ሌላ ካሴት ከዚያ ይመጣል። እነዚያ ካሴቶች ዛሬ አልጋ ሥር ባለው ሻንጣ ውስጥ ናቸው። የነገቭ ሙቀት ያጣምማቸዋል፣ አቧራ ይበላቸዋል። አውጧቸው፤ ከፀሐይ አርቃችሁ አስቀምጧቸው። መቅጃው ካረጀ ገመዱን ስለሚበላው ሳታስመረምሩ አታጫውቱባቸው። በእያንዳንዱ ላይ ማን እንደተናገረበት፣ ከየትኛው መንደር እንደሆነ፣ በስንት ዓመት እንደተቀዳ ጻፉበት፤ የሚያስታውሱት ሳሉ። ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ሁለት ወጣቶች ፈቃደኛ ሆነዋል፤ ማክሰኞ ማታ በኮሚቴው ክፍል ይገኛሉ።

ሙሾአቸው በወለል ሥር የተገኘባቸውን እናት ባለፈው ሳምንት ጠይቀናቸዋል። አዘጋጆቹ ድምፁን ከወለሉ አውጥተዋል፤ ይቅርታ ለመጠየቅም እቤታቸው መጥተዋል። ሑጉ ከተከፈተ ድምፃቸውን ለልጆቹ ይሰጡ እንደሆነ ስንጠይቃቸው ጥቂት አሰቡ። ሙሾው ይቅር፣ የሠርጉን ዘፈን እሰጣለሁ፣ አሉን። «ከበሮውን ግን እኔ ራሴ መጥቼ እመታለሁ። ያቺ ማሽን ምቱን አታውቀውም፤ መጀመሪያ ትማር።»